የሃያ አንድ ዓመት ድንበር፦ በአሜሪካ ወጣቱ ወደ ከባድ መኪና ሥራ የሚገባበት መንገድ

በዩናይትድ ስቴትስ የጭነት ማመላለሻ ዘርፍ ውስጥ እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት አቤቱታዎች ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ሲሰሙ ኖረዋል። የጭነት ኩባንያዎች ሾፌር ጠፋ ይላሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያወጡ የ18፣ የ19 እና የ20 ዓመት ወጣቶች ደግሞ ቀጣሪ ጠፋ ይላሉ። ትልቁ የአሠሪዎች ድርጅት የሆነው የአሜሪካ የጭነት ማመላለሻ ማኅበር በ2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጎደለውን የሾፌር ቁጥር 80,000 ገደማ አድርሶት ነበር። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ዕድሜያቸው ከ21 በታች የሆኑ ወጣቶች ከግዛት ወደ ግዛት ጭነት የሚያጓጉዙበት ሙከራ እንዲጀመር በሕግ ሲያዝ፣ ሁለቱም አቤቱታዎች በአንድ እርምጃ መልስ ያገኙ መስሎ ነበር። ሙከራው ግን የታሰበለትን ያህል ወጣት ሳይስብ ቀረ። የቀረበትም ምክንያት ሲመረመር፣ ወጣቱን ከመሪው ያራቀው ዋናው ነገር ከዕድሜ ገደቡ ጀርባ የቆመው የመድን ሥርዓት እና የመጀመሪያውን የሥራ ዓመት ወጪ በጀማሪው ላይ የሚጥለው የአከፋፈል ልማድ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ ሁለቱ ባሉበት እስከቀጠሉ ድረስ የዕድሜ ወለሉን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ሥራ አይፈጥርም።

ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

በአሜሪካ ከባድ መኪና ለመንዳት የሚያስፈልገው ሲዲኤል በሚል አጠራር የሚታወቀው የንግድ መንጃ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጡት ግዛቶች ሲሆኑ መለኪያውን ያወጣው ግን በ1986 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ነው፤ ከዚያ በፊት በብዙ ግዛቶች የቤት መኪና መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ያለ ሌላ ፈተና ተሳቢ የሚጎትት መኪና መንዳት ይችል ነበር። ፈቃዱ በሦስት ደረጃዎች የሚከፈል ሲሆን ሥራ ፈላጊዎች በብዛት የሚሹት ደረጃ ኤ የተባለውን ነው፤ ይህም ጠቅላላ ክብደታቸው 26,001 ፓውንድ (11,800 ኪሎ ግራም ገደማ) ወይም ከዚያ በላይ የሆኑና ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ተሳቢ የሚጎትቱ መኪናዎችን ለመንዳት ያስችላል። አመልካቹ በመጀመሪያ የጽሑፍ ፈተና አልፎ የመለማመጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ቢያንስ 14 ቀን ይቆያል፣ ከዚያም መኪናውን ከጉዞ በፊት ስለ መፈተሽ፣ በጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ስለ መንዳትና ስለ አውራ ጎዳና አነዳድ በተግባር ይፈተናል።

ይህን ሁሉ አንድ ወጣት በ18 ዓመቱ ሊፈጽም ይችላል። ይሁን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት በ1935 የጭነት ትራንስፖርትን መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ ባወጣቸውና እስካሁን በሚሠሩ ደንቦች መሠረት፣ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሄድ ጭነት ለመያዝ 21 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። ውጤቱ እንግዳ ነው፦ የ19 ዓመት ወጣት በቴክሳስ ውስጥ ከኤል ፓሶ እስከ ቴክሳርካና 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ሲፈቀድለት፣ ከቴክሳርካና አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ለመሻገር ግን አይፈቀድለትም፤ ከተማዋ በቴክሳስና በአርካንሳስ ድንበር ላይ የተቆረቆረች ናትና። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢም እንዲሁ፣ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የ20 ዓመት ሾፌር ጭነት ይዞ ጥቂት ማይሎች ርቃ ወደምትገኘው የቨርጂኒያ ከተማ አሌክሳንድሪያ መግባት አይችልም። በትላልቅ ግዛቶች ያለ ወጣት ከሕጉ ጋር ተስማምቶ ሊኖር ሲችል፣ በጠባብ ግዛቶች ያለው ግን መንጃ ፈቃዱን የሚሠራበት ቦታ ያጣል። በዚህ ላይ ሕጉ የሚመለከተው የመኪናውን ጉዞ ብቻ አይደለም፤ መኪናው ድንበር ባይሻገርም ጭነቱ ከሌላ ግዛት ወይም ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ጉዞውን ገና በመቀጠል ላይ ከሆነ፣ ሥራው እንደ ግዛት ተሻጋሪ ንግድ ይቆጠራል። በዚህም የተነሣ ከወደብ ኮንቴይነር አንሥቶ በዚያው ግዛት ወዳለ መጋዘን ማድረስን የመሳሰለ፣ ለጀማሪ የተመቸ የሚመስል ሥራ ጭምር ለወጣቱ ዝግ ሊሆን ይችላል።

ሙከራው ለምን አልያዘም

የዕድሜ ገደቡን ለማላላት የተደረገው የመጀመሪያ ጥረት በ2015 በወጣው የመንገድ ሕግ ውስጥ የተካተተው፣ በውትድርና ከባድ ተሽከርካሪ የነዱ ከ18 እስከ 20 ዓመት የሆኑ ወጣቶችን የሚመለከተው ጠባብ ሙከራ ነበር። በኖቬምበር 2021 የጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ከዚህ ሰፋ ያለውን የተለማማጅ ሾፌሮች ፕሮግራም አመጣ። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ እስከ 3,000 ተለማማጆች እንዲያቅፍ የታሰበ ሲሆን፣ ተለማማጁ መጀመሪያ የ120 ሰዓት ቀጥሎም የ280 ሰዓት የሙከራ ጊዜ እንዲያሳልፍ፣ በዚህም ጊዜ ሁሉ ቢያንስ 26 ዓመት የሞላውና የአምስት ዓመት የግዛት ተሻጋሪ ልምድ ያለው ሾፌር በጎኑ እንዲቀመጥ ያዝዝ ነበር። መኪናው ራሱ አውቶማቲክ ማርሽ፣ ግጭት ሲቃረብ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ፣ ወደ ፊት የሚቀርጽ ካሜራ እና ከ65 ማይል በሰዓት እንዳያልፍ የሚገታ መቆጣጠሪያ እንዲኖረው ግድ ነበር።

አፈጻጸሙን የተረከበው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሕጉ ላይ ሌሎች ሁለት ግዴታዎችን ጨመረ፦ አንደኛው ሾፌሩን ራሱን የሚቀርጽ ካሜራ በመኪናው ውስጥ እንዲተከል፣ ሁለተኛው ኩባንያው በሠራተኛ ሚኒስቴር ዘንድ በተለማማጅ አሠልጣኝነት እንዲመዘገብ የሚያዝዙ ነበሩ። ኩባንያዎች እነዚህን በመጥቀስ ስላፈገፈጉ ኮንግረሱ በ2024 ሁለቱንም ግዴታዎች አስነሣ፤ ቢሆንም የተመዘገቡት ወጣቶች ቁጥር ከተፈቀደው 3,000 እጅግ በጣም ያነሰ ሆኖ ቀጠለ። ይህ እውነታ ለትንታኔው ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም በእርግጥ የሾፌር ረኃብ ያለበት ዘርፍ የተከፈተለትን በር፣ ደንቡ ቢከብደውም እንኳ፣ በገፍ ይጠቀምበት ነበር። ልምድ ያለውን ሾፌር ከሙሉ ገቢ ሥራው አንሥቶ ለአራት መቶ ሰዓት ከጀማሪ ጎን ማስቀመጥ የሚያስከትለው ወጪ፣ በተለይም ጭነት ባነሰበት ዘመን፣ ከሚያስገኘው ጥቅም በልጦ ለኩባንያዎቹ ታያቸው።

በገደቡ ላይ የሚደረገው ክርክር ሁለቱም ወገን ጠንካራ ነጥብ ያለው ነው። የአሠሪዎቹ ማኅበር ወጣቱ ከ18 እስከ 21 ባሉት ዓመታት ወደ ግንባታ ወይም ወደ መጋዘን ሥራ ስለሚሄድና ስለማይመለስ ዘርፉ ምርጥ ዕጩዎቹን ያጣል ይላል። የመንገድ ደኅንነት ተሟጋቾች፣ የቲምስተርስ ሠራተኛ ማኅበር እና የራሳቸውን መኪና የሚነዱ ባለንብረቶች ማኅበር የሆነው ኦኦአይዲኤ በበኩላቸው ለውጡን ተቃውመዋል። የመድን ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እንደሚያሳየው ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ የቤት መኪና ነጂዎች በተነዳ ማይል ሲሰላ የሚደርስባቸው የሞት አደጋ ከ20 ዓመት በላይ ካሉት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ይህ አኃዝ ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣን የከባድ መኪና ሾፌር በቀጥታ አይለካም፤ ሆኖም ቀጥሎ የሚታየውን የመድን ሰጪዎች ጥንቃቄ ለመረዳት ይረዳል።

መድን ሰጪው እንደ ሁለተኛ ሕግ አውጪ

በፌዴራል ደንብ መሠረት መደበኛ ጭነት የሚያጓጉዝ ኩባንያ በሌሎች ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ቢያንስ የ750,000 ዶላር መድን ሊኖረው ይገባል፤ ይህ መጠን ከ1985 ጀምሮ አልተለወጠም። በተግባር ግን ጭነት የሚያገናኙ ደላሎች፣ ብሮከር የሚባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ይጠይቃሉ፤ በአደጋ ክስ ፍርድ ቤቶች የሚወስኑት ካሣም በአንዳንድ ጉዳዮች ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚልቅ የመድን ክፍያው ከፍ ብሏል። መድን ሰጪው ሥጋቱን የሚቀንስበት ቀላሉ መንገድ ማን መኪናውን እንደሚነዳ መወሰን ነው። ስለዚህ ብዙ መድን ሰጪዎች ዕድሜው 23 ወይም 25 ያልሞላውን፣ ወይም የሁለት ዓመት የተረጋገጠ ልምድ የሌለውን ሾፌር በትንሽ ኩባንያ የመድን ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት እምቢ ይላሉ፤ ቢቀበሉም ኩባንያው ሊሸከመው የማይችል ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ።

ከዚህ የሚመነጨው ሁኔታ ሥራ ፈላጊዎቹ ደጋግመው የሚያነሡት አዙሪት ነው፦ ሥራ ለማግኘት ልምድ ያስፈልጋል፣ ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል። አዙሪቱ የሚሰበርበት ዋና ቦታ አለ፤ እርሱም በሺዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ያሏቸው፣ የአደጋ ወጪውን አብዛኛውን ክፍል ከራሳቸው ገንዘብ ለመሸፈን አቅም ያላቸው ግዙፍ ኩባንያዎች ናቸው። አምስትና አሥር መኪና ያለው ባለንብረት፣ ጀማሪውን በግል ቢያውቀውና ቢያምነው እንኳ፣ መድን ሰጪው ስለሚከለክለው ሊቀጥረው አይችልም። የዕድሜ ገደቡ ነገ ቢነሣ ይህ አሠራር ባለበት ይቆያል፤ ሙከራው ያልያዘበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጀማሪዎች ሁሉ ወደ ጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች እንዲጎርፉ መገደዳቸው ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ምን እንደሚመስል ይወስናል።

የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ

ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ጀምሮ ደረጃ ኤ ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወጣ ሰው በፌዴራል መዝገብ ከተመዘገበ አሠልጣኝ ዘንድ ትምህርት የመውሰድ ግዴታ አለበት። ደንቡ የሚማረውን ነገር ቢዘረዝርም ዝቅተኛ የሰዓት መጠን አላስቀመጠም፤ ስለዚህ በገበያው ላይ ጥልቅ ሥልጠና የሚሰጡ ትምህርት ቤቶችና ተማሪውን ለፈተና ብቻ የሚያደርሱ ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ብዙ ሺህ ዶላር ሲሆን፣ ይህን መክፈል ለማይችለው ወጣት ግዙፎቹ ኩባንያዎች በራሳቸው ወጪ እናሠልጥንህ ይሉታል። በምላሹ ወጣቱ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ለኩባንያው ለመሥራት ይፈርማል፤ ቀደም ብሎ ቢወጣ የሥልጠናው ወጪ ዕዳ ሆኖ ይከተለዋል።

ከፈተናው በኋላ ያለው ክፍያ በአብዛኛው በማይል ነው። ሾፌሩ የሚከፈለው መኪናው በተንቀሳቀሰበት ርቀት ልክ ስለሆነ፣ ጭነት ለማራገፍ በመጋዘን በር ላይ የሚጠፋው ሰዓት፣ የመኪና ጥገናና የመንገድ መዘጋት ብዙ ጊዜ ያለ ክፍያ ወይም በትንሽ ክፍያ ያልፋሉ። የፌዴራል ደንብ ሾፌሩ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ የሚከለክል ሲሆን፣ ከዲሴምበር 2017 ጀምሮ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መዝጋቢ ይህን ስለሚቆጣጠር፣ በመጋዘን የባከነው ሰዓት ተመልሶ የማይገኝ ገቢ ይሆናል። በተጨማሪም የ1938ቱ የሠራተኛ ሕግ ለጭነት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያን አያስገድድም፤ በሳምንት 60 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠራው ወጣት ከ40 ሰዓት በላይ ላለው አንድ ጊዜ ተኩል ክፍያ የመጠየቅ የፌዴራል መብት የለውም። በሜይ 2024 የተሰበሰበው የመንግሥት መረጃ የተሳቢ መኪና ሾፌሮችን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 57,440 ዶላር አድርሶታል፤ ይህ ግን ልምድ ያላቸውንም ስለሚያካትት ጀማሪው የሚያገኘው በብዙ ሁኔታ ከዚህ በታች ነው።

የዚህ አሠራር ውጤት በሾፌሮች ፍልሰት ይታያል። የአሠሪዎቹ ማኅበር ራሱ ይፋ ያደርጋቸው በነበሩት አኃዞች፣ በትላልቆቹ የረጅም ርቀት ኩባንያዎች ዓመታዊው የሠራተኛ ፍልሰት በ2010ዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 90 በመቶ ይጠጋ ነበር። ስቲቨን በርክስ እና ክሪስተን ሞናኮ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች በ2019 በመንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ የሾፌሮች የሥራ ገበያ በአጠቃላይ እንደማንኛውም የሙያ ገበያ ለደመወዝ ለውጥ ምላሽ እንደሚሰጥና ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ እጥረት ለመኖሩ ማስረጃ እንደሌለ ደምድመዋል። ራሱ ሾፌር ሆኖ ሠርቶ በ2016 ዘ ቢግ ሪግ የተባለ መጽሐፍ ያሳተመው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ ስቲቭ ቪሴሊም ኩባንያዎች ጀማሪዎችን ያለማቋረጥ በማስገባትና በማስወጣት የተመሠረተ አሠራር እንዳላቸው አሳይቷል። እነዚህ ግኝቶች ከሙከራው ውድቀት ጋር ሲነጻጸሩ ሥዕሉ ይሟላል፦ የጎደለው ወደ ሙያው የሚገባ ሰው ሳይሆን የገባው ሰው የሚቆይበት ሁኔታ ነው።

የገበያውም ወቅት የራሱ ድርሻ አለው። በ2020 እና 2021 የሸቀጥ ፍላጎት ሲንር የጭነት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ እጅግ ብዙ አዳዲስ ትናንሽ ኩባንያዎችም ተቋቋሙ፤ ከ2022 ጀምሮ ግን ዋጋው ወርዶ ለዓመታት ሳያንሰራራ ቆየ። በኦገስት 2023 የሎው የተባለው አንጋፋ ኩባንያ ሲከስር ወደ 30,000 የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ወደ ሥራ ገበያው ወጡ። በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት ቀጣሪው የ20 ዓመት ልምድ ያለውን ሰው በጀማሪ ደመወዝ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ፈቃዱን ትናንት ያወጣው ወጣት ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዚህ ገበያ ውስጥ

የከባድ መኪና ሥራ በአሜሪካ ባሉ የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ማኅበረሰቦች ዘንድ ዲግሪ ሳይጠይቅ ቤተሰብ ለማስተዳደር የሚያስችል ሙያ ተደርጎ ይታያል። ከእነዚህ ማኅበረሰቦች ወደ ሙያው የሚገባው ሰው ሌላው ጀማሪ የሚገጥመውን ሁሉ የሚጋፈጥ ሲሆን ተጨማሪ ችግርም ይጠብቀዋል። አሜሪካ የንግድ መንጃ ፈቃድን በተመለከተ ዕውቅና የምትሰጠው ለካናዳና ለሜክሲኮ ፈቃዶች ብቻ ስለሆነ፣ በጅቡቲ መስመር ላይ ለዓመታት ተሳቢ የነዳ ሾፌር እንኳ ከመለማመጃ ፈቃድ ይጀምራል፤ መድን ሰጪውም የሚቆጥርለት በአሜሪካ መንገድ ላይ ያስመዘገበውን ልምድ ነው።

በ2025 ሁለት ለውጦች መጡ። በኤፕሪል ወር የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ለረጅም ዘመን የኖረውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ግዴታ በጥብቅ እንዲተገበር አደረገ፤ ከጁን 25 ቀን ጀምሮ በመንገድ ላይ ፍተሻ ከተቆጣጣሪው ጋር መግባባት ያልቻለ ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ያቃተው ሾፌር ወዲያው ከመንዳት ይታገዳል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች የሚሰጠውን የንግድ መንጃ ፈቃድ ለጥቂት የቪዛ ዓይነቶች ብቻ የሚወስን ደንብ ወጣ። ደንቡ ወዲያው በፍርድ ቤት ክርክር የተነሣበት ቢሆንም፣ በሥራ ፈቃድ ብቻ ለሚኖሩ ጥገኝነት ጠያቂዎችና ጊዜያዊ ከለላ ለተሰጣቸው ሰዎች፣ በዲሴምበር 2022 ይህን ከለላ ያገኙ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ለሥልጠና ብዙ ሺህ ዶላር ማውጣትን አስጊ ውሳኔ አድርጎታል። አሜሪካ ተወልዶ ያደገው ወይም ግሪን ካርድ የያዘው ወጣት ከሁለተኛው ደንብ ውጭ ነው።

ሌላው ሥጋት ሊዝ የሚባለው ውል ነው፤ ኩባንያው መኪናውን ለሾፌሩ በየሳምንቱ በሚቆረጥ ክፍያ እያከራየ በመጨረሻ የራሱ እንደሚሆን ቃል የሚገባበት አሠራር ነው። ሾፌሩ በስም ነጋዴ ሆኖ ጭነቱን፣ ዋጋውንና መኪናውን የሚቆጣጠረው ኩባንያው ስለሆነ፣ ጭነት በቀነሰ ሳምንት ሾፌሩ ባለዕዳ ሆኖ ሊውል ይችላል። ይህንኑ እንዲመረምር የተቋቋመው የፌዴራል ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባቀረበው ሪፖርት እንዲህ ያለው ውል በሕግ እንዲከለከል ለኮንግረሱ ሐሳብ አቅርቧል።

ከ21 በፊት ያሉት መንገዶች

ይህ ሁሉ ሆኖ የ18 ዓመት ወጣት ያለ አማራጭ አልቀረም። ሲሚንቶ የሚያቦኩ፣ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱና ቆሻሻ የሚሰበስቡ መኪናዎች ሥራቸው በአብዛኛው በአንድ ግዛት ውስጥ የሚያልቅ ሲሆን፣ ሾፌሩም ማታ ቤቱ ይገባል፤ በብዙዎቹም ክፍያው በሰዓት ነው። የተለያዩ ደንበኞችን ጥቃቅን ጭነት በአንድ ተሳቢ የሚያጣምሩ ኩባንያዎች ወጣቱን በመጋዘን ጫኝነት ቀጥረው ሲደርስ ወደ ሾፌርነት ያሸጋግሩታል፤ ዩፒኤስ በተባለው የዕቃ ማድረሻ ኩባንያም የሠራተኛ ማኅበሩ ውል የሥራ ዘመን ቅደም ተከተልን ስለሚያከብር በጫኝነት የጀመረ ሠራተኛ ጊዜው ሲደርስ ለሾፌርነት ሊወዳደር ይችላል። ከ2014ቱ የሠራተኛ ኃይል ሕግ የሚገኘው ድጎማ መሥፈርቱን ለሚያሟላ ሰው የሥልጠናውን ክፍያ ሊሸፍን ስለሚችል፣ ማንም ወጣት የዕዳ ውል ከመፈረሙ በፊት በአካባቢው ያለውን የመንግሥት የሥራ ማእከል ሊጠይቅ ይገባል። ቀጣሪው የሚመለከተው መዝገብም ከፈቃዱ እኩል ይመዝናል፦ የሦስት ዓመት የፍተሻና የአምስት ዓመት የአደጋ ታሪክ በፌዴራል መዝገብ ይታያል፤ ማሪዋና በብዙ ግዛቶች የተፈቀደ ቢሆንም ለንግድ ሾፌር በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፤ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮም በምርመራ የተገኘበት ሾፌር ሕጋዊውን የመመለሻ ሂደት እስኪያጠናቅቅ ግዛቱ የንግድ ፈቃዱን ይነጥቀዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የ21 ዓመቱን ድንበር ማንሣት ወይም ማጽናት በደኅንነት ማስረጃ ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ እንጂ ለሾፌር እጥረት መድኃኒት ሆኖ ሊቀርብ የሚገባው አይደለም። መንግሥት ወጣቶችን ወደዚህ ሙያ ማምጣት ከፈለገ ዝቅተኛ የሥልጠና ሰዓት መደንገግ፣ በመጋዘን በር በመጠበቅ ለሚጠፋው ሰዓት ክፍያ ማስገደድ፣ የትርፍ ሰዓት መብትን ለሾፌሮች መክፈት እና ትናንሽ ባለንብረቶች ጀማሪ ሲቀጥሩ የሚሸከሙትን የመድን ወጪ መጋራት ይኖርበታል። ወጣቱና ቤተሰቡ በበኩላቸው ማንኛውንም ውል ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ትክክለኛ ሳምንታዊ ገቢ ስንት ነው፣ በመጋዘን በመጠበቅ የሚጠፋው ሰዓት ይከፈላል ወይ፣ ቀድሞ የወጣ ሰው ስንት ይጠየቃል፣ ከአሠልጣኝ ጋር የሚነዳው ለስንት ሳምንት ነው። ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ የማይሰጥ ኩባንያ የሚያቀርበውን ውል አለመፈረም ይሻላል።